መሃል ሜዳ ላይ የቆሙት

ወንድሜን ቀብረን በተመለስን ቀን ወንዶቹ ወንበር ሊደረድሩ የጋራዡን በር ወደ ላይ ሳቡት። እዚህ አውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን ወጣ ብላ ባለችው ሜልተን፣ ለቅሶ የምንቀመጠው እንዲህ ነው። ሳሎኑ ለሴቶቹ ይለቀቃል። ወንዶቹ መኪናውን መንገድ ላይ ያወጡና ጋራዡ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ። የኛ ጋራዥ ግን መኪና ገብቶበት አያውቅም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ጠረጴዛ ቆሞበታል፤ ጠረጴዛውም በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ይሄን ወደ ጓሮ እናውጣው» አለ አንዱና አንሶላውን ገለጠ። ወንበር የያዙትም እንደያዙ ቆሙ።

ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ተሰልፏል። ወታደሮቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አንጓ አይበልጥም፤ ግን እያንዳንዳቸው ዓይን አላቸው። ዓይናቸው ውስጥ ነጩና ጥቁሩ ሳይቀር ተለይቷል። ቀይ ካባ ለብሰዋል፣ ቁር ደፍተዋል፣ ጋሻቸው ላይ መብረቅ ተስሏል። የፈረሶቹ ልጓም እንደ ክር ቀጭን ነው። በአንድ በኩል ወንዝ ይወርዳል። ውሃው እርጥብ ይመስላል፤ ሲነኩት ደረቅ ነው።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጠረጴዛውን በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰው በቆመበት ሲያስቀር ሳይ፣ እንዴት ልበለው፣ እኔም ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ።

የወንድሜ የክርስትና እናት ውሃ ይዘው ገቡ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ቤተ ክርስቲያን ከመጋረጃው አጠገብ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ በቃላቸው ያውቃሉ። ውሃውን አስቀመጡና ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሮማውያን ናቸው» አሉ። «ካባቸውን አያችሁት? ጦራቸውን አያችሁት? ጌታችንን የሰቀሉት ናቸው!» ከዚያ ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ፈለጉ። «መስቀሉስ? መስቀሉ የታለ?»

«አልደረሰበትም ይሆናላ» አለ አንሶላውን የያዘው ሰውዬ።

«አልደረሰበትም! ልጄን! ስቅለትን እየሠራ ነው የሞተው!»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ሳሎን ሮጡ። እናቴ ከሆስፒታሉ ከተደወለላት ጀምሮ ቀና ብላ ሰው አላየችም ነበር። ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት። ጠረጴዛው ፊት አቆሟት። አየች። አማተበች።

«ለኔ ሳይነግረኝ» አለች። «ልጄ ለኔ ሳይነግረኝ ጎልጎታን ሲሠራ ኖሯል?»

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። ሌላ ቃል የለኝም፤ በራ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሲፈጥረኝም ቃል የሚዘገይብኝ ሰው ነኝ። ወንድሜ «የማሙሽ ቃል በባቡር ነው የሚመጣው፤ እሱም በሜልተን ባቡር» ይል ነበር። የሜልተንን ባቡር ቆሞ የጠበቀ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ጠረጴዛው ጓሮ አልወጣም። ወንዶቹ ወንበራቸውን ዙሪያውን ደረደሩ።

*

ያ ጠረጴዛ ስቅለት አይደለም። ፋርሳሎስ ነው።

ፋርሳሎስ ግሪክ አገር ያለ ሜዳ ነው። ክርስቶስ ሊወለድ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲቀረው ሮማውያን ለሁለት ተከፍለው እዚያ ተዋጉ። አንዱን ጦር የመራው ቄሣር ነው፣ ሌላውን ፖምፔ። ከዚያ ቀን በኋላ ሮም የድሮዋ ሮም አልሆነችም። ይሄን ሁሉ የማውቀው ከወንድሜ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚህ ጨርሻለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን ስለ ፋርሳሎስ የነገረኝ የለም።

ወንድሜ ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ሺፍቱን ጨርሶ ሲመለስ እራቱን ቆሞ ይበላና ጋራዥ ይገባል። ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር ያስራል። ብሩሹ ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር ለመቁጠር አይከብድም። ቀን ሙሉ ጭነት በሚያነሳበት እጁ ያችን ብሩሽ ሲይዝ ትንፋሹን ይውጣል፣ የወታደሩን አንድ ዓይን ይነካል፣ ትንፋሹን ይለቃል። ቀጥሎ ሌላኛዋን ዓይን።

በዚህ ነገር የተለከፈው ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ ስንኖር ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በአንዲት ትንሽ ሱቅ በኩል እናልፋለን። መስኮቷ ላይ የተቀቡ ወታደሮች ይቆማሉ። እሱ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቀራል፣ እኔ እጁን ይዤ እጎትታለሁ። የመጀመሪያ ደሞዙን የተቀበለ ቀን ሱቋ ገብቶ ሳጥን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላቆመም።

የሜዳው አፈር ጤፍ ነው። ይሄን ከኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ሙጫ ይቀባና ጤፍ ይነሰንስበታል፤ ሲደርቅ ቡኒ ቀለም ያለብሰዋል። «ይሄን የሚያህል ጠጠር የትም አይሸጥም» ይል ነበር። እናቴ የጤፉ ማስቀመጫ ቶሎ ቶሎ ሲጎድልባት አይጥ ገብቷል አለች። እሱም በቁም ነገር «አዎ፣ አይጥ ነው» አላት። ወጥመድ አስገዛችን። ወጥመዱ እስከ ዛሬ ከፍሪጁ ጀርባ አለ፤ አንድም አይጥ አልያዘም።

ጦርነቱን የነገረኝ ባቡር ላይ ነው። ከሰንሻይን ወጥተን ቤቶቹ ሲያልቁ ሜዳ ይመጣል፤ ቢጫ ሣር፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ፣ ሌላ ምንም። ወንድሜ በጣቱ መስኮቱን ነካ።

«እዚህ ጋ ቄሣር» አለኝ። «ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ተርበዋል፤ ሥር እየፈጩ ዳቦ ጋግረው በልተዋል። እዚያ ማዶ ፖምፔ። እጥፋቸው ይሆናል። ፈረሰኛውማ ተወው። ፖምፔ ለሰዎቹ ምን አላቸው መሰለህ? አትንቀሳቀሱ። እነሱ ሮጠው ይምጡ፣ ደክሟቸው ይደርሳሉ።»

«ብልህ ነው።»

«ብልህ ነው። የቄሣር ሰዎች ጮኸው ሮጡ። ጋሻ፣ ጦር፣ የብረት ልብስ፣ በዚያ ሙቀት። መሃል ሜዳ ሲደርሱ ከማዶ የሚመጣ ሰው የለም። ያኔ ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ?»

«ቆሙ።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም!» አለ። አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። «ማንም አላዘዛቸውም፣ ማሙሽ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው በራሱ ቆመ። ጠላት ፊት፣ መሃል ሜዳ ላይ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ እንደገና ሮጡ። አስበው እስቲ። ያችን የቆሙባትን ጊዜ አስባት።»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ስለ ሞቱት አይደለም። ስለ መቆማቸው ነው።

ጠረጴዛውን ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀበት። ሲያልቅ እሑድ ልንጫወተው ተቀጣጠርን።

«አንተ ፖምፔ ነህ» አለኝ።

«ለምን? እንድሸነፍ?»

«ማን ትሸነፋለህ አለህ? እኛ ስንጫወት ታሪኩ ገና አልሆነም።» ከዚያ በእግሩ ከጠረጴዛው ሥር ያለ የጫማ ካርቶን ነካ። «መሃል ሲደርሱ የማሳይህ ነገር አለ። እስከዚያ ካርቶኑን ብትከፍት እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

እሑድ ሳይደርስ ሺፍቱን ጨርሶ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተ። ልቡ ነው አሉን። ከዚያ በላይ ስለሱ የምጽፈው የለኝም።

*

ለቅሶ ቤት ካርታ ይጫወታሉ። የዚህ አገር ሰዎች የሆኑት የሥራ ጓደኞቹ ይሄ ገርሟቸው ነበር፤ ሰው ሞቶ ቁማር መሰላቸው። ቁማር አይደለም። ሐዘንተኛው ብቻውን ዝም እንዳይል ነው። የቤቱ ጸጥታ እንዳይበዛ።

በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ የሜዳውን ጠርዝ ተደግፈው ካርታ ሲጫወቱ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት የእድራችን ሽማግሌ ጠሩኝ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ይሄ ስቅለት ነው ያለው ማነው?»

«እትዬ ናቸው።»

«ጌታን ለመስቀል ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ወታደር ነበርኩ። ይሄ የውጊያ አሰላለፍ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ» አሉና በካርታቸው ጫፍ የቄሣርን ቀኝ ክንፍ አመለከቱ፣ «ከኋላ የደበቃቸው አሉ። እነዚህን ያቆመ ሰው ተንኮለኛ ነው።»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። ዘግይቼም ቢሆን ቃሉ መጣልኝ። ሰሙኝ።

«ሁለቱም ወገን ሮማዊ?»

«ሁለቱም።»

«ልብሱ አንድ፣ ቋንቋው አንድ። ታዲያ በምን ይለያያሉ?»

«እዚህ ጋሻቸውን ወንድሜ በቀለም ለየው። ያኔ ግን የይለፍ ቃል ነበራቸው።»

«እኛም የይለፍ ቃል ነበረን» አሉ ጋሼ። «አንድ ቀን አንድ የኛ ልጅ ቃሉ ጠፍቶበት...»

አልጨረሱትም። ካርታቸውን ገልብጠው ወንዙ ዳር አስቀመጡት።

«ጋሼ! ተራዎት እኮ ነው፣ ይጣሉ እንጂ!» ጮኸ አንዱ ተጫዋች።

«ጣልኩ፣ ጣልኩ። ምን ያስጮህሃል፣ ባቡር አመለጠህ?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናትህ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም።»

«ንገራት።»

«እንዴት ብዬ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ግን ቶሎ በል። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ወጥ ነው፤ ሲያድር ይኮመጥጣል።»

*

አልነገርኳትም። አድሮ ኮመጠጠ።

እናቴ በየማለዳው ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ጋራዥ መግባት ጀመረች። ጠረጴዛው ፊት ቆማ ትጸልያለች። ከፈረሰኞቹ መሃል ጦሩን ወደ ላይ የያዘውን መርጣ «ጎኑን የወጋው ይሄ ነው» አለችኝ። የፖምፔ ፈረሰኛ ነው። ከጸሎት በኋላ ወጥ ቤት ትመጣለች፤ ቁርስ ትበላለች። ከቀብሩ በፊት ውሃ እንኳ በግድ ነበር የሚያጠጧት።

የንስሐ አባታችን ለጸሎት ሲመጡ አሳየቻቸው። እሳቸውም ረጅም ጊዜ አዩት። «የተቀረጸ ምስል ቤተ መቅደስ አናስገባም» አሉ። «ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን ጥሩ ማስተማሪያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል።» በዚያው ተወሰነ። በአርባው፣ ከጸሎቱ በኋላ ጠረጴዛው ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ኮረብታ ይሠራል። ሁለቱ ጦር ተነቅሎ በኮረብታው ዙሪያ እንደ አንድ ሕዝብ ይተከላል። እትዬ መስቀል የሚሠራ አናጺ አገኙ። «እመቤታችንን ነው የቸገረኝ» ይሉ ነበር። «እሷን ማን ይሠራታል?»

እኔ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ጣሪያውን አያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ፋርሳሎስ ከጠፋ ሰዉ የሚያስታውሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ስቅለትን በድብቅ የሠራ ጸሎተኛ ልጅ። ደግ ሰው ነው ያ ልጅ፤ ወንድሜ ግን አይደለም። ወንድሜ ባቡር ላይ ጮክ ብሎ «ማንም!» ያለው ነው። ደግሞ ብናገር እናቴ ቁርሷን ትተዋለች። ከሁለት አንዱን መቅበር ሆነብኝ፣ ወይ እሱን እንደገና ወይ እሷን።

*

አንድ ቅዳሜ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ነጭ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመ። በአንድ እጁ አበባ፣ በአንድ እጁ ከሱፐርማርኬት የገዛው ኬክ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያለ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወትበት ክበብ ጓደኛው ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚናገረው። እናቴ አስገባችውና እንደ ሁሉም እንግዳ ወደ ጋራዡ ወሰደችው።

ኮፍያውን አወለቀ። «ፋርሳሎስ» አለ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ብዙ ተናገረ። ከቄሣር ቀኝ ክንፍ ኋላ ያሉትን የተደበቁ ወታደሮች እያሳየ፣ እንዲህ አድርጎ የሠራቸው ሰው በዕድሜዬ አላየሁም አለ። ወንድሜ ስንት ጊዜ አፍርሶ እንደሠራቸው ነገረኝ። ሲናገር አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«እጁ ወርቅ ነበር አለ።»

«ይህን ብቻ? ብዙ ነው እኮ የተናገረው።»

«በጣም ወርቅ ነበር አለ።»

ሽማግሌው «ትጫወቱታላችሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ስፈልግ ኪሱ ገብቶ ለጨዋታው የሚጣሉ ሁለት ባለነጥብ ዳይሶች አወጣና ወንዙ አጠገብ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸው። የወንድሜ ናቸው፤ ክበቡ ውስጥ ረስቷቸው ነበር።

እናቴ ዳይሶቹን አየች። ደረቷን ያዘች።

«እጣው!» አለች። «ልብሱን የተጣጣሉበት እጣ! ፈረንጁም ያውቃል! ንገረው እስቲ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በለው፣ የጎደለውን አመጣህልኝ በለው!»

ሽማግሌው በእንባ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ እጁን ይዛ ልትስም ጎንበስ አለች። ሁለቱ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች እያለቀሱ ነበር፤ መሃላቸው ያለሁት አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ» አልኩ። «ስቅለት አይደለም።»

እጁን ሳትለቅ አየችኝ።

«ጦርነት ነው። የሮማውያን። እርስ በርሳቸው... የእርስ በርስ ጦርነት ነው። እሑድ ከኔ ጋር ሊጫወተው ነበር።»

«ሊጫወተው?»

«አዎ።»

«የወንድማማች ጦርነት» አለች። «ጨዋታ። በኔ ቤት።»

የሰውየውን እጅ በቀስታ ለቀቀች። ወደ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ያጠፋው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ኬኩን የት ላስቀምጠው አለ።

*

ከዚያ በኋላ እናቴ ጋራዥ አልገባችም። ቁርሱንም ተወችው። እትዬ ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። «ሐዘንተኛ እናት ናት እኮ! እስከ አርባው መታገሥ አቃተህ?» ጋራዥ ገባሁ። አንሶላውን መልሼ ጠረጴዛውን ሸፈንኩት። የአርባው ቀን እስኪመጣ ነገሩን የሰሙ ሰዎች ሁሉ የአዳራሹን ነገር ማንሳት ተዉ። አናጺው ግን መስቀሉን ጨርሶ አስረክቦ ነበር።

በአርባው ዋዜማ ከሰዓት ሴቶቹ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። እኔ ጋራዡ ውስጥ ወንበር እደረድራለሁ። እናቴ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አላውቅም። አንሶላውን ራሷ ገለጠችው፣ ወንበር ሳበች፣ በፖምፔ በኩል ተቀመጠች። የኔ ቦታ ላይ።

«አሳየኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እሱ ሊያሳይህ የነበረውን።»

በቄሣር በኩል ቆምኩ። እዚያ ቆሜ አላውቅም ነበር። «ይሄ ቄሣር ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«ወንጌል ላይ ያለው?»

«አይደለም፣ ከዚያ የቀደመ ነው። የወንጌሉ ስሙን የወረሰ ነው። ይሄኛው ፖምፔ። አማቹ ነበር።»

«የማን አማች?»

«የቄሣር። የቄሣርን ልጅ አግብቶ ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«በወሊድ ሞተች። ከጦርነቱ በፊት።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱም አልቆየም።»

እናቴ ሁለቱን ጦር ተራ በተራ አየች። ከዚያ «ሕፃኑ ቢያድግ እዚህ ሜዳ ላይ አይገናኙም ነበር» አለች። ወንድሜ ያን ሁሉ አንብቦ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከፖምፔ ጦር ኋላ ያሉትን ድንኳኖች አሳየኋት። የፖምፔ ሰዎች እናሸንፋለን ብለው የድል ማዕዱን አስቀድመው አሰናድተው ነበር፤ ወንድሜ የብር ሳህኖቹን ሳይቀር ሠርቷቸዋል። «ሳይዋጉ?» አለች። «ወይ ጉድ። ሴት አላማከሩም ማለት ነው።» ሳህኖቹን ለማየት ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ መሬቱን ሊነካ ደረሰ። ቆመች። በጥፍሯ አንዲት ፍሬ ፈልቅቃ ጣቷ ላይ አሸችው። ቀለሙ ለቀቀ።

«ጤፍ ነው።»

ያልተነቃነቀ ፈረስ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ጤፌ ነው! ይሄ ሁሉ ሜዳ! ወጥመድ ሳስገዛችሁ!» ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጠበቅኳት። ሲበርድላት ፍሬዋን ከነበረችበት መልሳ አስቀመጠች። «ቀጥል» አለች።

የቄሣርን ሰዎች መግፋት ጀመርኩ። ፖምፔ ሰዎቹን አትንቀሳቀሱ እንዳላቸው ነገርኳት። «እሺ፣ አልንቀሳቀስም» አለችና እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች። መሃል ሜዳ ደረስኩ። ያኔ ጎንበስ ብዬ የጫማ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ሳብኩ። መሃል ሲደርሱ ብሎኛል። ደርሰዋል።

ውስጡ በሶፍት የተጠቀለሉ ወታደሮች ነበሩ። አንድ ረድፍ ሙሉ። ከፊት ያሉትን አንስቼ በነሱ መተካት እንዳለብኝ ወዲያው ገባኝ። እንዲህ ያሉ ወታደሮች በየትም ሱቅ አይሸጡም። ወንድሜ የተሸጡትን ቆራርጦ፣ አጥፎ፣ ክንድና ወገብ እንደገና ሠርቶላቸዋል። አንዱ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ተክሎ ያለከልካል። አንዱ ቁሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል። አንዱ አፉን ከፍቶ ሰማይ ያያል። አንዱ የጓደኛውን ትከሻ ተደግፏል። አንዱ ሌሎቹም መቆማቸውን ለማየት ዞር ብሏል። አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ድምፅ ከወዲያ ይሰማል። ጋራዡ ውስጥ ግን፣ አምላኬን፣ ሲተነፍሱ የሰማሁ መሰለኝ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

«ደክሟቸው ቆሙ።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም።»

«ሁሉም? አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»

«ጠላቶቻቸው እያዩአቸው?»

«እያዩአቸው።»

ወንበሯን አስጠጋች። ከቆሙት ወታደሮች አንዱ ተንበርክኮ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር። በጣቷ ሳትነካው ጠቆመችው። «ይሄ የሱ ሥራ ነው» አለች። «ጫማው ታስሮ የዋለበት ቀን ነበር? እሰር፣ እሰር እያልኩት ነው ያደገው።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፣ ከወዲህ የቆሙትንም ከወዲያ የጠበቁትንም። እና ከዚህ ቀደም ሰምቼ የማላውቀውን ነገረችኝ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፎቶው የተሰቀለ አጎት አለኝ፤ አገር ቤት በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የሞተ። ሌላ ወንድም እንደነበራት አላውቅም ነበር። በሌላኛው ወገን ነበር። እሱም ሞቷል። የሱን ፎቶ ያኔ መስቀል ስላልተቻለ፣ ያ ጊዜ ሲያልፍም ሳይሰቀል ቀረ።

«እንዲህ የቆሙባት ሰዓት ነበረች ይሆን?» አለች። «እነሱም ጋ? አንዲት ትንፋሽ የምታህል?»

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

እጄ ወታደሮቹን ቀድሞ ወዳሉበት ሊመልሳቸው ወይም ወደ ፊት ሊገፋቸው ተዘርግቶ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላስታውስም። እጄን ያዘችው።

«ተዋቸው» አለች። «እዚሁ ይቆዩ።»

*

በማግስቱ ከጸሎቱ በኋላ ቤቱ ሞላ። የንስሐ አባታችን ጋራዡንም ጸበል ረጩት። ጋሼ በድሮው ጥጋቸው ተቀመጡ፤ መሃል ሜዳውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና መልሰው ተቀመጡ። እትዬ የእንጀራ ትሪ በአንድ እጃቸው፣ በነጠላቸው የተጠቀለለውን መስቀል በሌላው ይዘው ገቡ። ትሪውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፈው መስቀሉን እንዴት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው።

«አበልጄ» አለቻቸው እናቴ። «እኔና አንቺ ተሳስተናል። ስቅለት አይደለም።»

«ሰማሁ እኮ። ልጁ ነገረሽ አሉ።»

«ጦርነት ነው። ወዲህም ወዲያም ያሉት የአንድ አገር ልጆች ናቸው።»

«ታዲያ መስቀሉን ምን ላድርገው? ሰውዬው ስንት ደክሞበት!»

እናቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አሳየቻቸው። የወንድሜ ማጉያ መነጽር የሚሰቀልበት ነው። «እዚያ ስቀይው» አለች። «ለሁለቱም ይበቃል።»

እትዬ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ፤ የሚያለከልከውን፣ ግንባሩን የሚጠርገውን፣ ጫማውን የሚያስረውን አዩ። እንደዚያ ቀን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ፈለጉ።

«እና ማን አሸነፈ?» አሉ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ አውቃለሁ። ለጋሼም ነግሬአቸዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ግን ቀደመችኝ።

«ገና ናቸው» አለች። «እያረፉ ነው።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። ትሪውን ከጠርዙ አነሱና የወንዙን ዳር እንዳይነካ ወንበር ላይ አስቀመጡት።